አምባገነኑን ተዉት፣ በሩን ጻፉ፦ የዲስቶፒያ አጭር ልቦለድ አጻጻፍ ደረጃ በደረጃ

ሰዎች የጻፉትን የዲስቶፒያ ልቦለድ፣ ማለትም ሥርዓቱ የሰውን ነፃነት የነጠቀበትን የከፋ ዓለም የሚተርክ ልቦለድ፣ እንዳነብላቸው ይልኩልኛል። አብዛኞቹ አጀማመራቸው አንድ ነው። ከታላቁ ጦርነት በኋላ ዓለም ወደመች። "አስተዳደሩ" ሥልጣን ያዘ። በየጥጉ ካሜራ ተሰቀለ። ቀጥሎ ወታደር፣ አጥር፣ የጣት አሻራ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ብድግ ብሎ "ነፃነታችንን ተነጥቀናል!" ይላል። እኔም ስልኬን ማየት እጀምራለሁ።

ችግሩ የቋንቋ አይደለም፣ ብዙዎቹ አሪፍ ይጽፋሉ። ችግሩ ነፃነት ሲጠፋ ከውጭ ብቻ ማየታቸው ነው። የታጠረበት ሰው መታጠሩን ያውቃል። ይናደዳል፣ ይናፍቃል፣ ቀዳዳ ይፈልጋል። እሱ ገና ሰው ነው። አንባቢን የሚያስደነግጠው መናፈቅ ያቆመው ሰውዬ ነው። ከታች ያሉት ሰባት ደረጃዎች እሱን ለመጻፍ ናቸው። የምትጽፉት ከስድስት እስከ ስምንት ገጽ የሚሆን አጭር ልቦለድ ነው እንበል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከዚያ አታስረዝሙት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ኮምፒውተሩን እስከ ደረጃ 4 አትክፈቱት። ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ሰው የዓለሙን ታሪክ መተረክ ያምረዋል፣ ወረቀት ላይ ግን እጁ ስለሚደክም ያሳጥራል።

አራት መስመር ጻፉና ሙሏቸው። እስከ መጨረሻው የምንጠቀምበትን ምሳሌ እኔ እሞላዋለሁ።

1. የተወሰደው፦ በር። በከተማው ውስጥ በር ያለው ቤት የለም። መቃን ብቻ ነው የቀረው።
2. በምትኩ የተሰጠው፦ የልጆች ደህንነት። ከተቆለፈ በር ጀርባ ሦስት ልጆች በእሳት ካለቁ በኋላ በሮቹ ተነቀሉ። ከዚያ ወዲህ እሳት ውስጥ የቀረ ልጅ የለም።
3. መጠሪያው፦ "ክፍት ቤት"።
4. የተወሰደውን ጨርሶ የማያውቀው ሰው፦ በሮቹ ከተነቀሉ በኋላ የተወለደች የስድስት ዓመት ልጅ፣ ሚጡ።

ዋናው ገጸ ባሕርይ የሚጡ አባት ነው። አናጢ ነው። ድሮ በር ይሠራ ነበር።

አራተኛውን መስመር አትዝለሉት። ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። የተወሰደውን የማያውቅ ሰው ታሪኩ ውስጥ ከሌለ፣ የሚያውቀው ሰው ምን እንዳጣ ማሳየት አትችሉም። ዝም ብላችሁ ትናገራላችሁ እንጂ።

"ይህ ሐሳብ ተጽፏል እኮ" የሚል አይጠፋም። አዎ፣ የሩሲያዊው ዬቭጌኒ ዛምያቲን "እኛ" ውስጥ ሰዎቹ የሚኖሩት በመስታወት ቤት ነው። መጋረጃ የሚወርደው በተፈቀደ ሰዓት፣ በሮዝ ቀለም ኩፖን ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ትርጉም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፣ አገሩ ውስጥ እስኪታተም ደግሞ 1988 ደርሷል። የሚወሰደው ነገር ቢመሳሰል ግድ የለም። የሚወሰድበት ሰው የራሳችሁ ይሁን።

ደረጃ 1፦ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ

በእጅ የሚነካ ወይም በእጅ የሚደረግ ነገር ምረጡ። "የመናገር ነፃነት" በእጅ አይነካም። ደብዳቤ ማሸግ ይነካል። ለልጅ ስም ማውጣት ይደረጋል። ብቻ መቀመጥ፣ ሐዘን ማውጣት፣ መብራት ማጥፋት፣ እነዚህ ሁሉ ይሆናሉ።

ተጠንቀቁ፦ ሁለት አትውሰዱ። በርም፣ መጽሐፍም፣ ፍቅርም፣ ምግብም ከወሰዳችሁ አንባቢው ሁለተኛው ገጽ ላይ ይለምደዋል። መከራ ሲበዛ ዝርዝር ይሆናል።

ካልሰራ፦ ምርጫችሁ አሁንም ጭጋግ ከሆነባችሁ ይህን ጠይቁ። ይህ ነገር ሲጠፋ የትኛው የእጅ እንቅስቃሴ አብሮ ይጠፋል? በር ሲጠፋ ማንኳኳት ይጠፋል። ማንኳኳት ሲጠፋ "ማነው?" የሚለው ጥያቄም ይጠፋል። መልሱ እጅ ላይ ካልደረሰ ሌላ ነገር ምረጡ።

ደረጃ 2፦ በምትኩ የተሰጠው የእውነት ጥቅም ይሁን

እዚህ ጋ ነው ብዙ ረቂቅ የሚሞተው። ጸሐፊው ገዢዎቹን ስለሚጠላቸው ምንም ጥሩ ነገር እንዲሰጡ አይፈቅድላቸውም። ታዲያ ሕዝቡ ለምን እሺ አለ? "በጠመንጃ" ካላችሁ የጦርነት ታሪክ እየጻፋችሁ ነው፣ እሱ ሌላ መመሪያ ይፈልጋል።

አልደስ ሃክስሊ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው "ብሬቭ ኒው ወርልድ" ውስጥ ጦርነት የለም፣ የእርጅና ሥቃይ የለም፣ የከፋው ሰው ሶማ የምትባል እንክብል ውጦ ይረጋጋል። ከገዢዎቹ አንዱ ይህን ሥርዓት ቁጭ ብሎ ሲከራከርለት፣ አንባቢው የሚፈራው በከፊል ስለሚስማማ ነው።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ስምምነቱን፣ ማለትም ምን ተወስዶ ምን እንደተሰጠ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉት።
2. ልጅ ላለው ወዳጃችሁ ንገሩት። "ልቦለድ ነው" አትበሉት።
3. "እኔም እፈርም ነበር" ካለ ወይም ትንሽ ዝም ካለ፣ ቀጥሉ። ከሳቀ ግን ተመለሱ።

ቀጥሎ ገጸ ባሕርያችሁን የስምምነቱ አካል አድርጉት። ተገዶ ሳይሆን ፈልጎ። አናጢያችን ድምፅ ሲሰጥ እጁን ካወጡት አንዱ ነው። እንዲያውም የተቃጠለውን ቤት በር የሠራው እሱ ነው። ጥሩ በር ነበር። ጎረቤቶች ተረባርበው ሊሰብሩት ቢሞክሩ አልሰበር አለ።

ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሳገኝ ታሪኩ እንደሚጻፍ አወቅሁ። እናንተም እንዲህ ያለች አንዲት መስመር እስክታገኙ ከዚህ ደረጃ አትውጡ። ሁለት ቀን ቢፈጅ ይፍጅ።

ደረጃ 3፦ ከሦስት እስከ አምስት ቃል አዘጋጁ

ጨካኝ ሥርዓት ጨካኝ ቃል አይጠቀምም። የካዙኦ ኢሺጉሮ "ኔቨር ሌት ሚ ጎ" (2005) ውስጥ ወጣቶቹ የሚያድጉት የሰውነት ክፍላቸው ለሌላ ሰው እንዲወሰድ ነው። እነሱ ግን "ልገሳ" ነው የሚሉት። መሞትን ደግሞ "ማጠናቀቅ" ይሉታል። ተራኪዋ መኪና ይዛ ብቻዋን ከከተማ ከተማ ትነዳለች፣ የሚጠብቃት ወታደር የለም። አትሸሽም። ቃሉ ነው የያዛት።

የእናንተን ቃላት ስታወጡ እንግዳ ቃል አትፍጠሩ። የቆየ ቃል ወስዳችሁ ትርጉሙን ትንሽ አዙሩት። ለምሳሌ፦

- "ተከፈተ"፦ መጋረጃ ሰቅሎ የተገኘ ሰው የደጁ ግድግዳ ይፈርሳል። ሰዎች "እነ እገሌ ተከፈቱ" ይላሉ፣ ደስ የሚል ዜና ይመስል።
- "ዝግ"፦ የልጆች ስድብ። "ሂድ፣ ዝግ!"
- "ጥላ"፦ ለብቻ መሆን። "ጥላ አምሮት ነው" ይባላል፣ እንደ ሕመም።

ሦስት በቂ ነው። ከአምስት ካለፋችሁ መዝገበ ቃላት ሆነ።

አማርኛ ደግሞ ሁለት መሣሪያ በነፃ ይሰጣችኋል። አንደኛው አንተ፣ አንቺ እና እርስዎ ነው። ሚጡ የሰባ ዓመት አሮጊት "አንቺ" ስትል የሚደነግጥ ሰው ከሌለ፣ በዚያ ቤት አንድ ነገር እንደተበላሸ አንባቢው ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ሁለተኛው አድራጊ የሌለው ግሥ ነው። "ተወስኗል"። "አስፈላጊው እርምጃ ተወስዷል"። ማን ወሰነ? ማን ወሰደ? ግሡ አይናገርም። የመንግሥት ማስታወቂያ ስትጽፉ በዚህ ግሥ ብቻ ጻፉት። የቤተሰብ ንግግር ውስጥ ግን አታስገቡት፤ እራት ላይ አባትየው ለልጁ "ተወስኗል" እስከሚልበት ቀን ድረስ።

ተጠንቀቁ፦ የአዲሱን ቃል ትርጉም በቅንፍ አታስቀምጡ። አንባቢው ካልገባው ቃሉን በሦስት የተለያዩ ሁኔታዎች ተጠቀሙበት። ሦስተኛው ላይ ይገባዋል።

ደረጃ 4፦ አንድ ቀን ብቻ ጻፉ

አሁን ኮምፒውተሩን ክፈቱ። ታሪኩ ጠዋት ይጀምር፣ ማታ ይለቅ። ጦርነቱ፣ አብዮቱ፣ የመሪው የሕይወት ታሪክ፣ ሁሉም ይቅር። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦

1. ጠዋት ቤት ውስጥ፦ አንድ ገጽ። የተለመደ ነገር ብቻ።
2. ሥራ፦ ሁለት ገጽ።
3. ከተለመደው የወጣች አንዲት ትንሽ ነገር፦ አንድ ገጽ።
4. የማታው ውሳኔ፦ ሁለት ገጽ።

የጠዋቱን ሳልጨርስ አልቀጥልም በሉ። የጠፋችው የእጅ እንቅስቃሴ የምትታየው እዚያ ነው። የእኔ እንዲህ ይላል፦

*አባቷ መቃኑ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሁሌ ይቆማል። ሁለት ጊዜ ያስላል፣ ከዚያ ይገባል።*

*"አሞሃል?" አለችው ሚጡ።*

*"አላመመኝም።"*

*"ታዲያ ለምን ታስላለህ?"*

*እጁን አየ። ጣቶቹ ታጥፈው ባዶ አየር ላይ ቆመዋል።*

"ነፃነት" የሚል ቃል የለም። "ተከልክሏል" የሚልም የለም። ልጅቷ አታዝንም፣ ምክንያቱም የምታዝንለትን አታውቀውም። ያጣውም፣ የቀረውም እጁ ላይ ነው።

የሥራው ክፍል ላይ አትንዛዙ። አናጢው አሁን መደርደሪያ ይሠራል። መደርደሪያውም ጀርባ የለውም። ወደ ሥራ ሲሄድ የተከፈተ ቤት ያልፋል። ቤተሰቡ ፊት ለፊቱ ቁርስ ይበላል። ሰላም ይሉታል፣ እሱም እጁን ያነሳል። በቃ፣ እለፉ።

ካልሰራ፦ ገጹ ሞቶ ከተገኘ ሰውዬው ምንም አይፈልግም ማለት ነው። ትልቅ ፍላጎት አትስጡት። መሪውን መጣል አይፈልግ። አናጢያችን የዕቃ ሳጥኑ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ የበር ማጠፊያ አስቀምጧል። የሚፈልገው ማንም ሳያየው ማጠፊያዋን ዘይት መቀባት ነው። ለስምንት ገጽ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ክፉውን ሥራ ለደግ ሰው ስጡት

ሰብዓዊነት የሚጠፋው እዚህ ነው። ስለዚህ ከሌላው ሁሉ በላይ እዚህ ቆዩ።

የሎይስ ሎውሪ "ዘ ጊቨር" (1993) ውስጥ አባትየው ሕፃናትን የሚንከባከብ ሩኅሩኅ ሰው ነው። ልጁ አንድ ቀን የአባቱን ሥራ በተቀረጸ ምስል ያያል። አባት ከሁለት መንታ ሕፃናት ክብደቱ ያነሰውን ገዳይ መርፌ ይወጋዋል፣ እያባበለ። እነሱ "መለቀቅ" ይሉታል። የሬይ ብራድበሪ "ፋራናይት 451" (1953) ውስጥ ደግሞ መጽሐፍ በተከለከለበት አገር ዋናው ገጸ ባሕርይ መጽሐፍ መደበቁን የምትጠቁመው የገዛ ሚስቱ ናት። ሁለቱም ቦታ ላይ ክፉው እጅ የሚመጣው ከውጭ አይደለም።

በእኛ ታሪክ አንዲት ጎረቤት፣ እትዬ ዘነቡ፣ ባላቸው ከሞተ በኋላ መቃናቸው ላይ መጋረጃ ይሰቅላሉ። ማልቀስ ፈልገው ነው። ሚጡ አይታ "ምን እየደበቀች ነው?" ትላለች። ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ከመጣ ይከፈታሉ።

አሁን እንዲህ አድርጉ፦

1. ገጸ ባሕርይው ራሱ ተነስቶ እንዲሄድ አድርጉ። ማንም አይላከው።
2. ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስነግሩት። ዓረፍተ ነገሩ እውነት መሆን አለበት። ደግነትም ይኑረው። የእኛው "እትዬ፣ ከሚመጡ እኔ ባወርደው ይሻላል" ይላል።
3. የሚጎዳው ሰው እንዲያግዘው አድርጉ። እትዬ ዘነቡ መሰላሉን ያዙለት።
4. ድርጊቱን በዝግታ ጻፉ። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ያወጣል። መጋረጃውን አራት ቦታ ያጥፈዋል። ይሰጣቸዋል። "እግዜር ይስጥልኝ" ይሉታል።
5. አቁሙ።

ቁጥር 5 ከባድ ነው። እጃችሁ መቀጠል ያምረዋል። ሰውዬው መንገድ ላይ እንዲያለቅስ፣ ራሱን እንዲወቅስ፣ "ምን ሆንን?" እንዲል ትፈልጋላችሁ። ካለቀሰ ድኗል። እንዳታድኑት።

ካልሰራ፦ ረቂቁን ያነበበ ሰው አናጢውን ዝም ብሎ ከጠላው አደጋው አስቀድሞ አልታየውም። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱና ግድግዳው የፈረሰውን ቤት አንድ መስመር ጨምሩበት፤ ለምሳሌ ቁርስ የሚበሉት ሰዎች የማንንም ዓይን አያዩም። ሙሉ በሙሉ ይቅር ካለው ደግሞ የባሰ ነው። ያኔ ትንሽ ቆሻሻ ጨምሩ። ማርጋሬት አትውድ እ.ኤ.አ. በ1985 በጻፈችው "ዘ ሀንድሜይድስ ቴል" ውስጥ የሴቶች የባንክ ሒሳብ በአንድ ቀን ይዘጋል። ባልየው ሚስቱን ያጽናናል፣ እንደሚንከባከባት ይነግራታል። እሷ ግን ነገሩ ያን ያህል እንዳልከፋው ትጠረጥራለች። ከወታደሮቹ ሁሉ ይልቅ ያቺ ጥርጣሬ ነች ስታመኝ የኖረችው። ለአናጢውም እንዲህ ያለች ቅጽበት ስጡት። መሰላሉ ላይ ቆሞ፣ ከላይ ወደ ታች እያየ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሚጠቅም ሰው መሆኑ ደስ ይለዋል።

ደረጃ 6፦ መጨረሻው

አጭር ነው። ደረጃ 4 ላይ የሰጣችሁትን እንቅስቃሴ መልሳችሁ ውሰዱ። አናጢው ቤቱ ይደርሳል፣ መቃኑን ያልፋል። አይቆምም፣ አያስልም። ሚጡ ቀና ብላ አታይም።

አትግደሉት። የጆርጅ ኦርዌል "1984" (በ1949 የታተመው) ዋናውን ገጸ ባሕርይ ዊንስተንን በጥይት አይጨርሰውም፤ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብሎ አሳዳጁን እንዲወድ አድርጎ ይተወዋል። "እኛ" ውስጥም ተራኪው በቀዶ ሕክምና ምናቡ ከተወሰደ በኋላ የሚወዳት ሴት ስትሠቃይ ተረጋግቶ ያያል። ሁለቱም ሰላም አግኝተዋል። የሚያስፈራው እሱ ነው።

ተጠንቀቁ፦ "ሁሉም ሕልም ነበር"፣ "በማግሥቱ ሕዝቡ ተነሳ" እና "ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰው መሆኑን አቆመ" የሚሉ አጨራረሶች ታሪኩን ይገድሉታል። የመጨረሻው በተለይ። ያሳያችሁትን መልሳችሁ አትንገሩን።

ጨለማው በዛ ካላችሁ ሰው ሳይሆን ዕቃ አትርፉ። ሚጡ ከሳጥኑ ሥር ማጠፊያዋን አግኝታ መሬት ላይ ተቀምጣ ትክፈታት፣ ትዝጋት። ምን እንደሆነች አትጠይቅ። እኔ በዚህ አጨራረስ ነው የጨረስኩት፣ ግን አንድ ወዳጄ አላስፈላጊ ጣፋጭ ነው ብሎኛል። ምናልባት ልክ ነው።

ደረጃ 7፦ እርማት

ረቂቁን ሦስት ቀን አስቀምጡት። ከዚያ፦

1. "ነፃነት"፣ "ሰብዓዊነት"፣ "ጭቆና"፣ "አምባገነን" የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ከተገኙ አጥፉ። በምትካቸው ምንም አትጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ ያለ ቃሉ ካልቆመ ዓረፍተ ነገሩም ይሂድ።
2. የመጀመሪያውን ገጽ ደብቁና ከሁለተኛው አንብቡ። ከገባችሁ የመጀመሪያው ትርፍ ነው።
3. ካሜራ፣ ወታደርና አጥር ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ቁጠሩ። ከሁለት በላይ ከሆነ ቀንሱ።

ሦስተኛውን የተማርኩት አፍሬ ነው። የመጀመሪያ ታሪኬ ውስጥ በየትዕይንቱ ካሜራ ነበር። ያነበበችው ጓደኛዬ ስለ ጭቆናው አንድ ቃል ሳትተነፍስ "ካሜራውን የሚያጸዳው ማነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ታሪኩን ጣልኩትና ስለ አጽጂው ሌላ ጻፍኩ።

በመጨረሻ ምንም ላልነገራችሁት ሰው አስነብቡት። "ወደድከው ወይ?" አትበሉ። የምትጠይቁት "የት ጋ ቆምክ?" ብቻ ነው። "ሕጉ ጋ" ካለ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። "መሰላሉ ጋ" ካለ ጨርሳችኋል። "ከተማው የት ነው? ማን ነው የሚገዛው?" ብሎ ከጠየቀ አትመልሱለት። የመጋረጃውን ቀለም ከጠየቃችሁ ግን ሮጣችሁ ሂዱና ጻፉት፣ ረስታችሁታል ማለት ነው።